አውጪውና ተቀባዩ፦ ትዝታ በአንጎል ህዋሳት መካከል እንዴት እንደሚጸና



በሠርግ ቤት ዘፈን ሲሞቅ ያያችሁ ሁሉ የምታውቁት ነገር አለ። አውጪው ብቻውን ቢጮህ ጉሮሮው ይደርቃል እንጂ ቤቱ አይሞቅም። ቤቱን የሚያሞቀው ተቀባዩ ነው። አውጪው ያው፣ ግጥሙም ያው ሆኖ፣ ተቀባዩ ሦስት ሰው ሲሆንና ሠላሳ ሰው ሲሆን ደጅ የቆመ ሰው የሚሰማው ዘፈን አንድ አይደለም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንጎል ነው። ከሠርግ ቤቱ ግን ብዙ አልራቅሁም። በአንጎል ህዋስ ገጽ ላይ ተተክሎ ከጎረቤት ህዋስ የሚመጣለትን ኬሚካላዊ መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን አለ፤ በአማርኛ «ተቀባይ» እንለዋለን። ቃሉን የመረጠው ሰው ስለ ዘፈን ያሰበ አይመስለኝም። ሆኖም በሙያችን ከተረጎምናቸው ቃላት ሁሉ እንደዚህ የሰመረልን ያለ አይመስለኝም። ትምህርትና ትዝታ በአንጎላችን ውስጥ የሚጸኑት፣ በብዛት በተጠናው መንገድ፣ ሰሚው ህዋስ ተቀባዮቹን ሲያበዛ ነውና። አውጪው ድምፁን ከፍ ባያደርግም እንኳ ይሆናል። ዛሬ ይህ እንዴት እንደሚሆን፣ ከዚያም ተቀባዮቹ ሲታወኩ በሰው ላይ ምን እንደሚደርስ እነግራችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቅ። አዋቂ ሰው በአንጎሉ ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ህዋሳት አሉት። አንዱ ከሌላው የሚገናኝበት ቦታ ሲናፕስ ይባላል፤ ስሙ በ1897 ከእንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን የመጣ ነው። «የሚገናኝበት» አልኩ እንጂ ህዋሳቱ አይነካኩም። በመካከላቸው 20 ናኖ ሜትር ያህል ክፍተት አለ፤ የአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት ይህን ክፍተት በሺህዎች እጥፍ ይበልጠዋል። በላኪው ህዋስ ውስጥ የሚሮጠው የኤሌክትሪክ ምት ጫፉ ላይ ሲደርስ ክፍተቱን ዘሎ መሻገር አይችልም። ስለዚህ በትንንሽ ከረጢቶች ተቋጥሮ የቆየ ኬሚካል ወደ ክፍተቱ ይፈሳል፤ ማዶ ያሉት ተቀባዮች ይይዙታል። አንጎል ህዋሳቱን ለማነቃቃት ከሁሉ አብዝቶ የሚጠቀምበት ኬሚካል ግሉታሜት ነው።

ግሉታሜትን የሚቀበሉት ፕሮቲኖች ብዙ ዓይነት ናቸው። ዛሬ ሁለቱን ብቻ ያዙልኝ፦ አምፓ እና ኤንኤምዲኤ። ስማቸውን ያገኙት ተመራማሪዎች እነሱን ለመክፈት ከተጠቀሙባቸው ኬሚካሎች ነው፤ ስማቸው ቢረሳችሁ አይቆጨኝም፣ ጠባያቸውን ግን አትርሱብኝ። አምፓ ቀጥተኛ ነው። ግሉታሜት ሲነካው ወዲያው ይከፈታል፣ ሶዲየም ወደ ህዋሱ ይገባል፣ ህዋሱ ይነቃል፣ በጥቂት ሺኛ ሴኮንዶች ውስጥም ይዘጋል። የዘወትሩን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው፤ አሁን ድምፄን የምትሰሙት፣ ፊቴን የምትለዩት በአምፓ ተቀባዮች አማካይነት ነው። ኤንኤምዲኤ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ታሪኩም ረዘም ያለ ነው።

በ1953 በአሜሪካ፣ በሃርትፎርድ ከተማ፣ የ27 ዓመቱ ሄንሪ ሞላይሰን ከሚጥል በሽታው ይድን ዘንድ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙ ዊልያም ስኮቪል ከግራና ከቀኝ ሂፖካምፐስ የሚባለውን ክፍል አብዛኛውን አወጣ። መንቀጥቀጡ ቀነሰ። ሄንሪ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያገኘውን አዲስ ሰው፣ የሚሰማውን አዲስ ወሬ ሁሉ መያዝ ተሳነው። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች የሥነ ልቦና ሊቅ ለብዙ ዓመታት ስታጠናው ኖራለች፤ በተገናኙ ቁጥር እንደ አዲስ ይተዋወቃት ነበር። የልጅነቱን ነገር ግን ያስታውሳል። እስከ ሞተበት እስከ 2008 ድረስ ሕይወቱ እንዲሁ ነበር።

ቋንቋችን ማስታወስን ለልብ ሰጥቶታል። «ልብ አድርግ» እንላለን፤ የኔታም ተማሪውን «በልብህ ያዘው» ይሉታል። ከሄንሪ በኋላ ግን አዲስ ነገር የሚያዝበትን ቦታ ፍለጋ ሂፖካምፐስ ላይ አረፈ። ከጆሮ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በግራና በቀኝ የተኛ፣ የተጠማዘዘ የአንጎል ክፍል ነው።

ቦታው ይታወቅ እንጂ መንገዱ አልታወቀም ነበር። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል በ1894 ለንደን ላይ ባደረገው ንግግር፣ ሰው ሲማር በህዋሳቱ መካከል ያለው ግንኙነት ይጠነክር ይሆናል ብሎ ነበር። ካናዳዊው ዶናልድ ሄብ በ1949 ሐሳቡን በአንድ ሕግ አሰረው፦ አንድ ህዋስ ሌላውን በማነቃቃት ደጋግሞ ከተሳተፈ፣ በመካከላቸው ያለው ግንኙነት ይበረታል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት በወረቀት ላይ ብቻ ቆየ። ግንኙነት ሲበረታ በዓይኑ ያየ አልነበረም።

ያዩት በኦስሎ ነው። በፔር አንደርሰን ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረ ቴርዬ ሎሞ የሚባል ወጣት ኖርዌጂያዊ በ1966 በማደንዘዣ የተኙ ጥንቸሎችን ሂፖካምፐስ ሲመረምር አንድ እንግዳ ነገር ገጠመው። ወደ ሂፖካምፐስ የሚገባውን የነርቭ መስመር ደጋግሞ በኤሌክትሪክ ከነካው በኋላ፣ ለአንድ ተራ ምት የሚመጣው ምላሽ ከቀድሞው በለጠ፤ መብለጡም ቶሎ አልበረደም። በ1968 ቲም ብሊስ ከብሪታንያ መጥቶ ተቀላቀለውና ሁለቱ ነገሩን በሥርዓት ለኩት። ጽሑፋቸው የወጣው በ1973 ነው። በሴኮንድ ከ10 እስከ 20 ምት ለ10 ወይም ለ15 ሴኮንድ፣ አለዚያም በሴኮንድ 100 ምት ለ3 ወይም ለ4 ሴኮንድ ሰጡ። ከ18 ጥንቸሎች በ15ቱ ምላሹ ጨመረ፤ ጭማሪውም ከግማሽ ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ቆየ።

እስቲ አስቡት። ጠዋት የተደረገ የአራት ሴኮንድ ነገር እስከ ማታ ድረስ አሻራው ሳይጠፋ! አንጎል ውስጥ ያለፈን ነገር ይዞ የሚቆይ ግንኙነት በመሣሪያ ሲለካ ያ የመጀመሪያው ነበር። እኔ ይህን ጽሑፍ ተማሪ ሳለሁ ባነበብኩበት ቀን ሌላ ነገር ማንበብ አልቻልኩም።

ታዲያ ህዋሱ ይህ ምት የሚያዝ፣ ያኛው የሚታለፍ መሆኑን በምን ይለያል? ሲናፕስ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። የመጣው ሁሉ አሻራ ቢተው ኖሮ አንጎላችን እንደተደጋገመ ጽሑፍ ጠቁሮ፣ አንድም ነገር የማይነበብበት ብራና በሆነ ነበር። የሚመርጥ ዳኛ ያስፈልጋል። ዳኛው ኤንኤምዲኤ ነው።

አሠራሩን በዝግታ ላስረዳ፤ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን እንዲሆን እፈልጋለሁ። የኤንኤምዲኤ ተቀባይ በመሐሉ ቀዳዳ አለው። ህዋሱ ዝም ብሎ በተቀመጠበት ጊዜ ውስጡ ከውጪው 70 ሚሊቮልት ያህል ኔጌቲቭ ነው። ማግኒዚየም ደግሞ ፖዘቲቭ ስለሆነ በዚህ ኃይል ወደ ውስጥ ይሳብና ቀዳዳው መሐል ይቀረቀራል፤ ልክ የእንስራ አፍ ላይ እንደተወተፈ ውታፍ። ግሉታሜት መጥቶ ተቀባዩን ቢይዘው እንኳ ውታፉ እስካልወጣ ድረስ ምንም አያልፍም። ውታፉ የሚወጣው ህዋሱ ራሱ ሲነቃ፣ ማለትም በአምፓ በኩል በገባው ሶዲየም ውስጡ ኔጌቲቭነቱን ሲቀንስ ነው። ያን ጊዜ ማግኒዚየሙን የሚይዘው ኃይል ይላላል፣ ማግኒዚየሙ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ቀዳዳው ይከፈታል። ይህ የማግኒዚየም ነገር የታወቀው በ1984 ነው፤ በፓሪስና በአሜሪካ ያሉ ሁለት ቡድኖች በየራሳቸው ደረሱበት።

በአንዳንድ ዕድሮች የገንዘቡ ሣጥን ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱን ሰብሳቢው፣ ሌላውን ገንዘብ ያዡ ይይዛል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ካልተገኙ ሣጥኑ አይከፈትም። ኤንኤምዲኤም እንደዚያ ነው። አንደኛው ቁልፍ ከላኪው የመጣ ግሉታሜት ነው፤ «ተናግሬያለሁ» ይላል። ሁለተኛው የተቀባዩ ህዋስ መንቃት ነው፤ «ሰምቻለሁ» ይላል። የሄብ ሕግ ማለት ይህ ነው፤ ሄብ በ1949 በሐሳቡ ያየው በአንዲት ፕሮቲን ላይ ተጽፎ ተገኘ። ለነገሩ ሦስተኛ ቁልፍም አለ። ግላይሲን ወይም ዲ ሴሪን የሚባል ሌላ ትንሽ ሞለኪውል አብሮ ካልያዘው ተቀባዩ አይከፈትም። እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአካባቢው ስለማይጠፋ ለጊዜው ልለፈው።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገር ይከተላል። አንድ ደካማ መስመር ብቻውን ህዋሱን አያነቃም፤ ውታፉም አይወጣም። ብዙ ደካማ መስመሮች በአንድ ጊዜ ሲመጡ ግን ህዋሱ ይነቃል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው እዚህም ይሠራል። ሁለተኛው ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። ደካማው መስመር ከአንድ ብርቱ መስመር ጋር ከገጠመ፣ ብርቱው ያወጣውን ውታፍ ደካማውም ይጠቀምበታል፤ እሱም ይጸናል። የሚቆላ ቡና ሽታ የእናትን ቤት ይዞ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ሳስብ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ። ሽታው ብቻውን ትንሽ ነገር ነው። የመጣው ግን ከብዙ ነገር ጋር ነበር።

ኤንኤምዲኤ ዳኛ መሆኑ እንዴት ተረጋገጠ? በብሪስቶል ይሠራ የነበረው ኬሚስት ጄፍ ዋትኪንስ ይህን ተቀባይ ብቻ ነጥሎ የሚዘጋ ኤፒ 5 የተባለ ኬሚካል አዘጋጅቶ ነበር። ግርሃም ኮሊንግሪጅና ባልደረቦቹ በ1983 ኬሚካሉን በአይጥ ሂፖካምፐስ ቁራጭ ላይ ጨመሩት። የዘወትሩ መልእክት እንደ ወትሮው አለፈ፤ አምፓ ሥራውን አላቋረጠምና። ግንኙነቱ መጠንከሩ ግን ቀረ። ሪቻርድ ሞሪስ ደግሞ ወደ ሕያው እንስሳ ወሰደው። በወተት በደፈረሰ ክብ ገንዳ ውስጥ፣ ከውሃው ሥር፣ የማትታይ መቆሚያ ያስቀምጣል። አይጧ ትዋኛለች፣ በፍለጋ ታገኛታለች፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ከየትም ብትለቀቅ በክፍሉ ውስጥ የሚታዩትን ነገሮች አይታ በቀጥታ ወደ መቆሚያዋ ትሄዳለች። በ1986 በወጣው ጥናት አንጎላቸው ውስጥ ኤፒ 5 የተደረገላቸው አይጦች ይዋኙ ነበር፣ ያዩም ነበር፤ ቦታውን መማር ግን ተሳናቸው።

እዚህ ላይ ወደ ተቀባዮቹ ብዛት እንመለስ፤ የንግግሬ ልብ እሱ ነውና። ኤንኤምዲኤ ሲከፈት ሶዲየም ብቻ አይደለም የሚገባው፤ ካልሲየምም ይገባል። ካልሲየም ከህዋሱ ውጭ ያለው መጠን ውስጥ ካለው በ10,000 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ስለዚህ ጥቂት ሲገባ እንኳ ህዋሱ ውስጥ እንደ ደወል ይሰማል። ደወሉን ከሚሰሙት ዋነኛው ካም ካይኔዝ 2 የተባለ ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም በሂፖካምፐስ ውስጥ ካለው ፕሮቲን እስከ 2 በመቶ ይሆናል፤ ለአንድ ኢንዛይም እጅግ ብዙ ነው። ሲነሳ ሁለት ነገር ይሆናል። ያሉት የአምፓ ተቀባዮች የሚያሳልፉት ምት ይጨምራል፤ በመጠባበቂያ የነበሩ ተጨማሪ የአምፓ ተቀባዮችም ወደ ሲናፕሱ ገጽ መጥተው ይተከላሉ። ከዚያ ወዲህ ላኪው ያችኑ ግሉታሜት ቢልክ ማዶ የሚያገኘው ተቀባይ በዝቷል።

በ1995 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አደረጉት። ኤንኤምዲኤ ብቻ ያላቸው፣ አምፓ የሌላቸው ሲናፕሶች አገኙ። እነዚህ ግሉታሜት ይመጣላቸዋል፤ ውታፉን የሚያወጣ ግን የላቸውም፤ ስለዚህ ዝም ይላሉ። ስማቸውም «ዝምተኛ ሲናፕስ» ነው። ከሌሎች መስመሮች ጋር አንድ ላይ ሲነቁ አምፓ ይተከልላቸውና መናገር ይጀምራሉ። አውጪ ነበር፣ ቤቱም ነበር፤ የጠፋው ተቀባይ ነበር።

ሁሉም ሲናፕስ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። እዚያው ሂፖካምፐስ ውስጥ ያለ ኤንኤምዲኤ የሚጠነክር፣ ላኪው የሚልከውን ግሉታሜት በማብዛት የሚጸና መስመርም አለ። ለረጅም ጊዜ ደግሞ ተቀባይ መትከል ብቻውን አይበቃም፤ ጭማሪው ከጥቂት ሰዓታት አልፎ እንዲዘልቅ ህዋሱ አዲስ ፕሮቲን መሥራት አለበት። ሳይበሉና ሳይተኙ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠኑ ማደር ለምን እንደማይመከር ልጆቻችሁ ቢጠይቋችሁ፣ ትዝታን የሚሠራው አካል ጊዜና ስንቅ የሚፈልግ መሆኑን ንገሯቸው።

አሁን መርሳትን እንይ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገረማል፤ ግንኙነትን የሚያደክመውም ያው ኤንኤምዲኤ ነው። ሴሬና ዱዴክና ማርክ ቤር በ1992 ፈጣን ምት በመስጠት ፈንታ በሴኮንድ አንድ ምት፣ በድምሩ 900 ምት ሰጡ። ሩብ ሰዓት የሚወስድ ነው። ሲናፕሱ ደከመ፣ ድካሙም ዘለቀ። ኤንኤምዲኤ ሲዘጋ ይህም ቀረ። ልዩነቱ ካልሲየሙ ላይ ነው። እንደ ዶፍ ዝናብ በአንዴ ሲገባ የሚያጠነክሩት ኢንዛይሞች ይነሳሉ፤ እንደ ካፊያ በትንሽ በትንሹ ረዘም ላለ ጊዜ ሲገባ ግን ሌሎች፣ የሚያደክሙት ኢንዛይሞች ይቀድማሉ፤ የአምፓ ተቀባዮችም ከገጹ ተነስተው ወደ ውስጥ ይገባሉ። አንዱ በር፣ ሁለት ፍርድ። መርሳትን እንደ ጉድለት ብቻ የምናይ ሰዎች ይህን ብናውቅ መልካም ነው። ህዋሱ ሆን ብሎ፣ በራሱ መሣሪያ ይለቃል።

ይህ ሁሉ በእርግጥ ትዝታ ነው ወይስ የላቦራቶሪ ነገር ብቻ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ትክክል ነው፤ ተመራማሪዎችም ለአሥርት ዓመታት ተከራክረውበታል። እኔን ያሳመነኝ በ2014 የሮቤርቶ ማሊኖው ቡድን ያወጣው ሥራ ነው። አይጦች በብርሃን የሚነካ አንድ የነርቭ መስመር ሲነቃ ሕመም እንደሚከተል ተማሩና መፍራት ጀመሩ። ከዚያ ያንኑ መስመር በሚያደክመው ዝግተኛ ምት ነኩት፤ ፍርሃቱ ጠፋ። በሚያጠነክረው ፈጣን ምት ነኩት፤ ያለ አዲስ ሕመም ፍርሃቱ ተመለሰ። የሲናፕሱን ጥንካሬ ይዘው ትዝታውን አጠፉት፣ መለሱት።

በዚህ መሐል «እንግዲያው ኤንኤምዲኤን የሚያበረታ ኪኒን ይሰጠንና ልጆቻችን ይጎብዙ» የሚል ሰው አይጠፋም። በ1999 ጆ ቺየንና ባልደረቦቹ በልጅነት የሚበዛውን፣ ሲከፈት ረዘም ብሎ የሚቆየውን የኤንኤምዲኤ ዓይነት በዘረመል ያበዙላቸው አይጦች በእርግጥ ቶሎ ይማሩ ነበር። ነገር ግን ይህ በር ከመጠን በላይ ሲከፈት ካልሲየሙ ህዋሱን ይገድለዋል። በስትሮክ ጊዜ ደም የተቋረጠባቸው ህዋሳት ግሉታሜታቸውን መቆጣጠር ሲያቅታቸው ከሚሞቱባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ «የማስታወስ ኃይል ይጨምራል» ተብሎ በየሱቁ የሚሸጥላችሁን ነገር ለልጆቻችሁ አትግዙ፤ አደራ።

በሩ ሲዘጋስ? ኬታሚን የሚባለውን ማደንዘዣ ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። በአገራችን ሆስፒታሎች፣ በተለይ መሣሪያ በማይበዛባቸው ቦታዎች፣ ብዙ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው በእሱ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ማደንዘዣዎች ትንፋሽን ብዙ አይጫንም። ኬታሚን ገብቶ የሚዘጋው ይህንኑ የኤንኤምዲኤ ቀዳዳ ነው። ታማሚው ዓይኑን ገልጦ እያለ ከዚህ ዓለም የራቀ የሚመስለው፣ ከነቃም በኋላ የሆነውን የማያስታውሰው ለዚህ ነው።

አንዳንድ ጊዜ በሩን የሚያጠፋው የሰውየው የራሱ ሰውነት ነው። በ2007 ጆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቹ ያብራሩት ሕመም አለ። የሰውነት መከላከያ የኤንኤምዲኤ ተቀባይን እንደ ጠላት ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትበታል፤ ተቀባዮቹ ከህዋሱ ገጽ ይነሳሉ። በአብዛኛው የሚይዘው ወጣት ሴቶችን ነው። ትናንት ደህና የነበረች ልጅ በቀናት ውስጥ ጠባይዋ ይለወጣል፣ የሌለ ነገር ታያለች፣ የተባለችውን ትረሳለች፣ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያም ዝም ትላለች። ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚያስበው መንፈስ ነው፤ አልፈርድም። እኔ የምለምነው፣ ወደ ፀበል የሚወስዳት ቤተሰብ በዚያው ሰሞን ወደ ሐኪምም እንዲወስዳት ነው። ቶሎ ከታወቀ ሕክምና አለው፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ሲቀንስ ተቀባዮቹ ይመለሳሉ፤ ከታማሚዎቹም ብዙዎቹ ይድናሉ።

በመጨረሻ ወደ አገራችን ማሳ ልውሰዳችሁ። ጓያን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ድርቅ ሲመጣ ሌላው ሁሉ ደርቆ ጓያ ይቆማል። ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ አለ፤ በ1964 በሕንድ አገር ተለይቶ ታወቀ። ኦዳፕ ግሉታሜትን ይመስላል። ከአምፓ ተቀባይ ጋር ይገጥማል፤ ያነቃዋል። ግሉታሜት ሥራውን ጨርሶ ሲነሳ፣ ኦዳፕ ግን ማንም ሳይልከው ከገበታ የመጣ ነው። ሰው ከጓያ ሌላ የሚበላው አጥቶ ለሁለትና ለሦስት ወር እሱን ብቻ ሲበላ፣ ከአንጎል ወደ እግር የሚያዙት ረጃጅም ህዋሳት ይጎዳሉ። እግር ይገትራል፣ ጉልበት ይታሰራል፤ ሰውየው በአንድ ወይም በሁለት ምርኩዝ፣ ሲብስም በእጁ እየተሳበ ይቀራል። በብዛት የሚያገኘው ወጣት ወንዶችን ነው፤ አይድንም፣ ግን አይብስም። አእምሮው እንደነበረ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅን ተከትሎ በሰሜን ወሎ፣ በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰው በዚህ ተይዟል። ከዚያ በፊትም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በሰሜን ምዕራብና በመሐል አገር ሕመሙን ዞረው አጥንተውታል። ገበሬው ከእሳቸውም በፊት ያውቀዋል፤ በአንዳንድ ቦታ ሰው የሚፈራው የሚቀቀለውን ጓያ እንፋሎት ነው። እንፋሎቱ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ብዛቱና ብቸኛ ምግብ መሆኑ ነው። ቋንቋችን አርቆ የማያስብን ሰው «እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» ይለዋል። ይህ አባባል ለተራበ ሰው ሲነገር ከሰማሁ ያመኛል። የፊቱን የሚያየው የኋላው ስለማይታየው አይደለም፤ ልጆቹ ዛሬ መብላት ስላለባቸው ነው። ድርቁ ሲጠና ደግሞ እህሉ ራሱ የሚይዘው ኦዳፕ ይጨምራል፤ ሰው ሌላ ምርጫ በሚያጣበት ዓመት መርዙም ይበረታል።

ኦዳፕ በውሃ ይሟሟል። ጓያ በብዙ ውሃ ተዘፍዝፎ ሲያድር፣ ውሃውም ሲደፋ፣ እንደገና በአዲስ ውሃ ሲቀቀልና ያም ውሃ ሲደፋ ብዙው መርዝ አብሮ ይሄዳል። ከጤፍ፣ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር ተደባልቆ ሲበላ ደግሞ አደጋው ይቀንሳል። ኦዳፑ ዝቅ ያለ ዋሴ የሚባል ዝርያም በአገራችን ወጥቷል። ከናንተ መካከል ጓያ በሚዘራበት አገር ዘመድ ያለው ካለ፣ ስትደውሉላቸው ስለ መዘፍዘፉና ውሃውን ስለ መድፋቱ ንገሩልኝ፤ የመጀመሪያው ውሃ ለከብትም አይሰጥ፣ ይደፋ።